ከቦሌ እስከ ደለስ፣ በክርና በኤክሴል

ነገሩ የተጀመረው በእማዬ ጥያቄ ነው። እህቴ የምትኖረው ዲሲ አካባቢ ነው። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን "ለመሆኑ በኪሎ ሜትር ስንት ይሆናል?" አለችኝ። ራሴ አስልቼ ልነግራት ፈለግሁ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ያዝኩ። ቦሌ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ ነው። የዋሺንግተኑ ማረፊያ ደለስ ደግሞ 38.94 ሰሜን፣ 77.46 ምዕራብ። ኤክሴል ላይ ሀቨርሳይን የሚባለውን፣ በሉል ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን አጭር ርቀት የሚያሰላ ቀመር ጻፍኩ፤ ለመሬት ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ወሰድኩ። መልሱ 5,085 ኪሎ ሜትር ወጣ። አላመንኩትም። 13 ሰዓት ገደማ የሚበረር መንገድ እንዴት እንዲህ ያጥራል? ቁጥሮቹን ካርታ ላይ ስፈልጋቸው ምዕራብ ቻይና፣ ያርካንድ አካባቢ አደረሱኝ። ለካ የምዕራብ ኬንትሮስ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይፈልጋል! እሷን ስጨምር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ መጣ። ጀማሪ ከሆናችሁ ቀድማችሁ ያቺን ምልክት እዩ።

በጣም የወደድኩት ግን ሁለተኛውን ሳምንት ነው። ከጎረቤት ሉል ተዋስኩና የስፌት ክር ይዤ ተቀመጥኩ። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ያሰመርኩት መስመር በቻድና በማሊ አድርጎ ምዕራብ ሰሃራ ላይ ይወጣል። ሉሉ ላይ ክሩን ሁለቱ ከተሞች ላይ ይዤ ሳጠብቀው ግን በራሱ ወደ ሰሜን ተንሸራተተ። ሱዳን፣ ሊቢያ፣ አልጄሪያ፣ ከዚያ ስፔንና ፖርቱጋል። አትላንቲክ መሐል 45 ዲግሪ ሰሜን ድረስ ይወጣና ወደ ዋሺንግተን ቁልቁል ይወርዳል። የማስመሪያውን መስመር ሳሰላው 12,090 ያህል ሆነ። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ጎበጥ ብሎ የሚታየው የክሩ መንገድ በ530 ኪሎ ሜትር ያጥራል ማለት ነው። ክሩ ሲንሸራተት በጣቴ ስለተሰማኝ ከቀመሩ በላይ የገባኝ በሱ ነው።

እርግጥ አውሮፕላኑ ክሩን ተከትሎ አይበርም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ የሱዳን ሰማይ ተዘጋ፤ ዞሮ መሄድ ግድ ሆነ።

ለእማዬ ቁጥሩን ስነግራት ሌላ ጥያቄ አመጣች። "ታዲያ እሷ ስትመጣ በቀጥታ፣ ስትሄድ መንገድ ላይ የምታርፈው ለምንድን ነው?" ርቀቱ እኮ ያው ነው። ሦስተኛው ሳምንት በዚህ አለቀ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ ደለስ 95 ሜትር ገደማ። ቦሌ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል፤ በተለያየ ጊዜ ሮምም ደብሊንም እያረፈ ሞልቷል። በዚያ ላይ ከፍታው ላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲሄድ ከፊት እየገፋ ያዘገየዋል፣ ሲመለስ ያግዘዋል።

አሁን የቀረኝ ነፋሱን ሂሳቡ ውስጥ ማስገባት ነው። የሞከራችሁት ካላችሁ ከየት እንደምጀምር ንገሩኝ።