ኪቱ ዜሮ ሲለኝ አመንኩት

የሪዞርቱን መዋኛ ገንዳ የተረከብኩት የገንዳው ሠራተኛ ሰው ሊበዛ ሲል ጥሎ ስለሄደ ነው። እኔ የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ፓምፕ እፈታለሁ፣ መብራት እቀጥላለሁ። ሥራ አስኪያጁ የፓምፕ ክፍሉን ቁልፍና አንዲት የፕላስቲክ ሣጥን አስረከበኝና «ውሃ ነው እንግዲህ፣ ምን ይከብድሃል?» አለኝ። ሣጥኗ የገንዳውን ውሃ ክሎሪንና ፒኤች የምንለካባት ኪት ነበረች። ውስጧ ያለው መመሪያ ውሃ ገብቶበት ግማሹ ተጣብቋል። በኋላ ጉድ የሠራኝ ያ የተጣበቀው ገጽ ነው።

አብዛኛው ሥራ አይከብድም። ቅጠል የሚይዘውን ቅርጫት ባዶ ታደርጋላችሁ። ወለሉን በቫኪዩም ትጠርጋላችሁ። የማጣሪያው ግፊት ንጹህ ሳለ ከነበረው ከፍ ካለ ባክዋሽ ታደርጋላችሁ፤ ውሃውን በተቃራኒ አቅጣጫ ሰዳችሁ ማጣሪያውን ታጥባላችሁ ማለት ነው። ዳር ቆማችሁ በጥልቁ በኩል ያለው የወለሉ ፍሳሽ ክዳን ጥርት ብሎ ካልታያችሁ ገንዳው ይዘጋል፤ የሰመጠ ሰውም አይታያችሁማ። ኬሚካል ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ ኬሚካል አይጨመርም። የዱቄቱ ክሎሪንና የኪኒኑ ክሎሪን አንድ ማንኪያ እንዳይጋሩ፤ ከተቀላቀሉ በእሳት ሊያያዙ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። አሲድና ክሎሪን ከተገናኙ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ነው። ይህን ሁሉ በሳምንት ለመድኩት።

ፒኤች የሚባለው የውሃው የአሲድነት ልክም ቶሎ ገባኝ። 7.5 ላይ ውሃው ውስጥ ካለው ነጻ ክሎሪን፣ ማለትም ገና ከቆሻሻ ጋር ካልተጣመረው፣ ጀርም በደንብ የሚገድለው ግማሽ ያህሉ ነው። 8 ላይ ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ክሎሪን ከመጨመራችሁ በፊት ፒኤቹን እዩ። ካልሆነ ገንዘብ ውሃ ውስጥ መበተን ነው።

እኔን የበላኝ ሽታው ነው። ገንዳው በሰው በተሞላ በሦስተኛው ቀን አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣ። ልጆች ዓይናቸው ቀልቶ እያሹ ይወጣሉ። እንግዶች ወደ እንግዳ መቀበያው እየሄዱ «ክሎሪኑ በዛ!» አሉ። ሥራ አስኪያጁም ጠርቶኝ «ቀንስ» አለኝ። እኔም ቀነስኩ። አልፈርድበትም፤ እኔም ያኔ የማስበው እንደሱ ነበር።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ያ ሁላችንም «የክሎሪን ሽታ» የምንለው ክሎሪኑ ከላብ፣ ከሽንትና ከሰውነት ቆሻሻ ጋር ሲጣመር የሚፈጠረው ክሎራሚን ነው። ዓይን የሚያቀላውም እሱ ነው። ገንዳ ሲሸት ክሎሪኑ ሥራ በዝቶበት እየተሸነፈ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ በተሸነፈው ላይ ቀነስኩበት። ሽታው ባሰ። ከቀነስኩ በሦስተኛው ቀን የመሰላሉ መርገጫ ሙልጭልጭ ማለት ጀመረ።

ያኔ ነው ኪቷን አውጥቼ በደንብ የለካሁት። ክሎሪን ሲያገኙ ውሃውን ሮዝ የሚያደርጉ ዲፒዲ የሚባሉ ኪኒኖች አሏት። ቁጥር 1 ነጻውን ክሎሪን ይነግራችኋል። እዚያው ላይ ቁጥር 3 ስትጨምሩ ጠቅላላውን ታያላችሁ። ልዩነቱ የተጣመረው፣ ማለትም የሚሸተው ነው። የእኔ ነጻው 0.4፣ ጠቅላላው 1.6 ሚሊግራም በሊትር ሆነ። የተጣመረው 1.2 ነው ማለት ነው። በሥራው የቆዩ ሰዎች የሚሉት የተጣመረውን በ10 አባዝተህ በአንድ ጊዜ ጨምር ነው። 12 ሆነ። ገንዳው 300 ሜትር ኩብ ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ 1 ግራም ንጹህ ክሎሪን 1 ሚሊግራም በሊትር ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ 3,600 ግራም። ዱቄቱ 65 በመቶ ስለሆነ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ።

ሂሳቡ ልክ ነበር። ወረቀቱን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። እጄ ነው ልክ ያልነበረው። ሌሊት ነው፣ ባልዲው ተከፍቷል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስወቀስ ከርሜያለሁ። «ይብዛ እንጂ አይነስ» ብዬ 8 ኪሎ አደረግኩት። በባልዲ በባልዲ አሟሟሁና ፓምፑ እየሠራ ዙሪያውን አፈሰስኩት። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቱቦዋን ሞላሁና ቁጥር 1 ኪኒን ጣልኩባት። ኪኒኗ ወደ ታች ስትወርድ ዙሪያዋን ደማቅ ሮዝ ቀለም እንደ ክር ተበተነ። ክዳኑን ገጥሜ አገላበጥኩት። ብርሃን ላይ ሳነሳው ውሃው ጥርት ብሏል። የሚጠጣ ውሃ ነው የሚመስለው። ዜሮ።

ክው አልኩ። 8 ኪሎ ክሎሪን በአንድ ሌሊት የት ገባ? ደገምኩት። ያው ሮዝ ብልጭታ፣ ያው ዜሮ። ፒኤቹን በጠብታ ስለካ ደግሞ ውሃው ሐምራዊ ሆነ። የቀለም ማነጻጸሪያ ካርዱ ላይ እንዲህ ያለ ቀለም የለም። «ይሄ ጠብታ አርጅቷል» ብዬ ተውኩት። አሁን ሳስበው ሁለት ምስክር ቆሞ እየነገረኝ ነበር። እኔ አንዱን ማየት አልፈለግኩም፣ ሌላውን አርጅቷል አልኩት። መዝገቡ ላይ «0» ብዬ ጻፍኩና «ቆሻሻው በልቶት ነው» ብዬ 4 ኪሎ ጨመርኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላም ዜሮ። በወረቀት መለኪያውም ሞከርኩ። ነጭ ሆኖ ቀረ። ሦስተኛ ዜሮ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ መጣ። «ክሎሪን አይታይም፣ ባንከፍት ይሻላል» አልኩት። «አሁን 4 ኪሎ ጨምረሃል አይደል? ሽታው እንደሆነ ጠፍቷል። ክፈት» አለኝ። ከፈትኩ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ለዚህ ማንንም አላመካኝም።

በየጠዋቱ የሚዋኙ አንድ አዛውንት አሉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወጡና ክንዳቸውን እያከኩ «ልጄ፣ ምንድነው የጨመራችሁበት?» አሉኝ። አንዲት እንግዳ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ስትዋኝ ቆየች። ጥቁር ሰማያዊ የዋና ልብሷ ሲደርቅ ትከሻው ላይ ወደ ቡናማ ዞሮ ነበር። ይዛው መጥታ ፊቴ ዘረጋችው። የምለው ጠፋኝ። የልብሱ ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ።

ያዳነኝ ለሌላ ሥራ የመጣ ሽማግሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቱቦዋን ተቀበለኝና «ኪኒኑን ስትጥለው ቀላ አላለም?» አለኝ።

«ብሏል ጋሼ። ከዚያ ጠፋ።»

«ጠፋ አትበል። ነጣ በል። ልብሷን ያነጣ ክሎሪን ቀለሙን ይምራል እንዴ?»

ጉዳዩ ይሄው ነበር። ክሎሪን ከመጠን ሲያልፍ ዲፒዲውን ራሱን ያነጣዋል። ብዙ ኪቶች ላይ ከ10 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ይህ ይመጣል። ስለዚህ «ምንም የለም» እና «እጅግ በዝቷል» አንድ መልክ አላቸው። የፒኤች ጠብታው ሐምራዊ የሆነውም በዚያው በበዛው ክሎሪን ነው። ጋሼ አንድ እጅ የገንዳ ውሃ ከዘጠኝ እጅ ክሎሪን ከሌለው የታሸገ ውሃ ጋር ቀላቀለና ኪኒኑን ጣለ። ቀላ። አልነጣም። 2.5 አለ። በ10 ስታባዙት 25። ሰዉን ሁሉ አስወጣሁ።

እዚህ ላይ ያበቃ መስሏችኋል። ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪ መጣ። እንግዶች ደውለው መሆን አለበት። ገንዳው ተዘግቶ አገኘው። መዝገቡን ገለጠ። 0፣ 0፣ 0። እስክሪብቶውን አወጣና «ክሎሪን የለም፤ በአስቸኳይ ይጨመር» ብሎ ጻፈ። የተፈጠረውን ከአንድ እስከ አሥር አስረዳሁት። 25 ነው፣ ና እንለካው፣ አሁን ላሳይህ አልኩት። «እኔ የማየው የተመዘገበውን ነው» አለኝ። እግሩ ሥር 300 ሜትር ኩብ ውሃ አለ። ጣቱን እንኳ አላስነካበትም። ማኅተሙን መታና ሄደ።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ እሱ ያነበበው የእኔን ጽሑፍ መሆኑ ነው። ያንን ዜሮ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የታዘዝኩትን አልፈጸምኩም። ክሎሪን የሚሰብር ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል ነገር አለ፤ ነገር ግን እጄ ሁለቴ ካሳተኝ በኋላ ሦስተኛ ኬሚካል ለመጨመር ወኔ አልነበረኝም። ለፀሐይ ተውኩት። ፀሐይ ክሎሪንን ታፈርሳለች። የኛ ገንዳ ግን ለወራት ትራይክሎር በሚባለው የክሎሪን ኪኒን ስለኖረ ውስጡ ሳያኑሪክ አሲድ ተከማችቷል። ይህ አሲድ ክሎሪኑን ከፀሐይ ይከልለዋል። ኪኒኑ 10 ሚሊግራም ክሎሪን በሰጠ ቁጥር 6 ያህል ሳያኑሪክ አሲድ ትቶ ይሄዳል። አይተንም፣ ክሎሪኑ ሲያልቅም አብሮ አያልቅም፤ የሚቀነሰው ውሃ አፍስሶ በአዲስ በመተካት ነው። ስለዚህ መውረዱ ሁለት ቀን ፈጀ። 4 ሲደርስ ከፈትኩ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ሁሉም ከመመሪያ ጋር አይስማማም። የአሜሪካው የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ነጻ ክሎሪን ቢያንስ 1፣ ሳያኑሪክ አሲድ ካለበት ቢያንስ 2 ይሁን፣ ፒኤች ደግሞ ከ7.0 እስከ 7.8 ይላል። ለእኔ 1 የባዶ ገንዳ ቁጥር ነው። ልጆች እንደ አሸን በሚፈሉበት ከሰዓት 3 ካላየሁ አይረጋልኝም። የሚሰጠን ቅጽ ደግሞ ጠዋትና ማታ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጠዋት ማንም ያልገባበት ውሃ ጥሩ መሆኑ ምን ይገርማል? እኔ 9 ሰዓት ላይ፣ ግርግሩ መሃል፣ ክርን እስኪጠልቅ እጄን ሰድጄ እቀዳለሁ። ቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለ በእስክሪብቶ ሌላ መስመር አሰመርኩበት።

ሻወር ላይ ግትር ሆኛለሁ። አንድ ደቂቃ መታጠብ ሰውነት ላይ ያለውን አብዛኛውን ቆሻሻ ያስለቅቃል፤ ያ ሁሉ ገንዳ ገብቶ ክሎሪኔን ሊበላ የነበረ ነው። እንግዳ ይቀየመኛል፣ ይቀየም።

ቁጥሩ ጥሩ ሲሆንም አልዘናጋም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተውሳክ በ1 ሚሊግራም ክሎሪን ከ7 ቀን በላይ በሕይወት ይቆያል። ተቅማጥ ያለበት ሰው ገንዳው ውስጥ ካመለጠው የሚመከረው ገንዳውን ዘግቶ ክሎሪኑን 20 ላይ ለ12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ያውም ሳያኑሪክ አሲድ በሌለበት ውሃ። ይህን ባነበብኩ ቀን ቀዝቃዛ ላብ አላበኝ። እኔ ያን ጠዋት ሳላውቀው ከዚያ የሚበልጥ አድርጌ ነው ሰው ያስገባሁበት።

የተጣበቀውን መመሪያ በኋላ በእንፋሎት አላቀቅኩት። ስለ መንጣቱ አንድ መስመር ተጽፏል፤ ያውም በደቃቅ ፊደል፣ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ። የተቆጣጣሪውን «ይጨመር» የሚል ወረቀት ከጎኑ የፓምፕ ክፍሉ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። አሁንም ኪኒኗን ስጥል ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሰከንዶች አፈጣለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሲያልፍ «ምን ጠፍቶብህ ነው እዚያ ውስጥ?» ይለኛል።