«አንቺ ቃለ ጉባኤውን ያዢ»

በዳታቤዝ አስተዳዳሪነት የሠራሁበት የቁጠባና ብድር ተቋም ሲስተም ቀኑን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ ለገንዘብ ያዡም ለደንበኛውም የሚያሳየው ደግሞ በእኛ። ሁለቱን የሚያገናኘው አጭር የቀን መቀየሪያ ኮድ ሲሆን፣ የጻፈው ሲስተሙን የሸጠልን ድርጅት ነው። በዚያ ኮድ ውስጥ መስከረም 1 ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜም ምንጊዜም 5 ቀን ናት። ሲስተሙ የተተከለው ከ2011 ጳጉሜ በኋላ ስለነበር፣ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 እንደምትሆንና ተከታዩ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ እንደሚውል የሚያውቅበት አጋጣሚ አላገኘም። እኔ ይህን ያየሁት በነሐሴ 2015፣ የወለድ ሪፖርት ሳስተካክል ነው።

ኮዱን መንካት አልችልም ነበር፤ የለውጥ ጥያቄ በክፍል ኃላፊው ተፈርሞ ለአቅራቢው ድርጅት መላክ አለበት። ስለዚህ ጉዳዩን በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ አነሣሁት። በዚህ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የምይዘው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ፤ ምክንያቱም «ያንቺ ጽሑፍ ያምራል»። በላፕቶፕ በሚተየብ ቃለ ጉባኤ ላይ የእጅ ጽሑፌ ማማር ምን እንደሚጨምር የጠየቀ ሰው አልነበረም። በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት መሆኔን መጥቀስም አስፈላጊ አይመስለኝም፤ አንባቢ ደርሶበታል።

ሁለት ችግር እንዳለ አስረዳሁ። አንደኛው የሚታይ ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን ቅርንጫፎች የዕለቱን ቀን ሲያስገቡ ሲስተሙ አልቀበልም ይላል። ሁለተኛው የማይታይ ነው፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ድረስ እያንዳንዱ የብድር መክፈያ ቀን በፈረንጁ በኩል አንድ ቀን ቀድሞ ይመዘገባል፤ በቀኑ የከፈለ ደንበኛም እንዳሳለፈ ተቆጥሮ ይቀጣል። ከየካቲት 22 ጀምሮ፣ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ስታልፍ፣ ስሕተቱ ራሱ ይድናል፤ ከአራት ዓመት በኋላም ተመልሶ ይመጣል።

ሰብሳቢው ክፍል ኃላፊያችን እስክጨርስ ታገሡኝና ፈገግ ብለው «እናንተ ሴቶች እንግዲህ በዓል ሲቃረብ ቀን መቁጠር ነው! አይዞሽ፣ ዶሮው ይደርሳል» አሉ። ቤቱ በሣቅ ሞላ። አጠገቤ የተቀመጠው የኔትወርክ ባለሙያ ለሽንኩርት ዋጋም ተዘጋጂ ሲል አከለበት። እኔም ሣቅሁ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አለመሣቅ ሌላ ስም ያሰጣል።

«ይህን ቃለ ጉባኤው ላይ ልያዘው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ያዢው፣ ያዢው» አሉ፤ አሁንም እየሣቁ።

ያዝሁት። አጀንዳ 4 ብዬ፣ የቀን መቀየሪያውን ሁለት ጉድለት፣ የሚያስከትለውን ቅጣትና ጉድለቱ የሚቆይበትን ጊዜ ከጻፍሁ በኋላ፣ «ሰብሳቢው ‹አይዞሽ፣ ዶሮው ይደርሳል› በማለት አጀንዳው ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ ወስነዋል» ስል ዘጋሁት። በማግስቱ ታትሞ ዞረ። ሁሉም እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ በየገጹ ግርጌ ፈረሙ፤ እርሳቸውም በቀይ እስክሪብቶ።

በዚያ ሰሞን ደጋግሜ ያሰብኋት ማርጋሬት ሃሚልተንን ነበር። አሜሪካ ሰውን ወደ ጨረቃ ለላከችበት ለአፖሎ ፕሮግራም የበረራ ሶፍትዌር በኤምአይቲ ስትሠራ፣ ትንሿ ልጇ በበረራ ማስመሰያው ቁልፎች ስትጫወት በማስመሰያው በረራ መካከል ፒ 01 የተባለውን የቅድመ ማስወንጨፊያ ፕሮግራም አስነሥታ ሲስተሙን ጣለችው። እናትየዋ ይህን የሚከለክል መቆጣጠሪያ ኮዱ ውስጥ ልጨምር ብትል፣ ጠፈርተኞች እንዲህ ዓይነት ስሕተት እንዳይሠሩ ሠልጥነዋል ተብላ ተከለከለች። የተፈቀደላት በሰነዱ ላይ ማስታወሻ መጻፍ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1968፣ አፖሎ 8 ከጨረቃ ሲመለስ፣ ጠፈርተኛው ጂም ላቭል በስሕተት ያንኑ ፒ 01 መረጠና የመንኮራኩሩን አቅጣጫ መረጃ አጠፋው። መረጃው እንደገና ገብቶ ነው የተስተካከለው፤ መቆጣጠሪያውም ከዚያ በኋላ ተፈቀደ። ናሳ ቢያንስ ስለ ዶሮ አላነሣም።

ጳጉሜ 6 ሰኞ ዋለች። ገና ከማለዳው የቅርንጫፎች ስልክ አላረፈም፤ ደንበኛው «ሲስተም የለም» እየተባለ ተሰለፈ። ክፍል ኃላፊያችን «ጳጉሜ 5 ብላችሁ አስገቡ» ብለው ትእዛዝ ሰጡ። አቅራቢው ድርጅትም ከሰዓት በኋላ በጳጉሜ ዝርዝር ላይ 6 ቁጥርን ጨምሮ፣ ምስጋና ተቀብሎ ተሰናበተ። ስለ ሁለተኛው ጉድለት ኢሜይል ጻፍሁ። መልስ አልመጣም።

መልሱ የመጣው ከመርካቶ ቅርንጫፍ ነው። አንዲት በርበሬ ነጋዴ ውሏን በፌስታል ጠቅልላ ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ መጣች። በሐምሌ የተፈረመው ውል መክፈያዋ መስከረም 21 እንደሆነ ይላል፤ የተሰጣት ደረሰኝ ደግሞ መስከረም 22 እንደከፈለች መዝግቦ ቅጣት ጨምሮባታል። አንደኛው ዴቨሎፐር ሲስተም አይሳሳትም፣ ምናልባት ቀኑ ተምታቶብሽ ይሆናል ሲላት፣ ውሏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እንዲህ አለችው፦ «ልጄ፣ እኔ የከፈልሁት ግሸን ማርያም ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው። ሃያ ሁለት ዑራኤል ነው። ያንተ ሲስተም ማርያምን ከዑራኤል አይለይም?»

ከእኔ ሰንጠረዥና ኢሜይል ሁሉ ይልቅ ይህ ንግግር ገባቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ኮዱ ታረመ፤ ቅጣቶቹም ተመለሱ።

ከወራት በኋላ የውስጥ ኦዲት ቅጣቶቹ ለምን ተመለሱ ብሎ ሰነድ ጠየቀ። ኦዲተሩ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ቃለ ጉባኤውን ገጽ በገጽ ሲያነቡ ሁላችንም ተሰብስበን ነበር። አጀንዳ 4 ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እንደገና አነበቡት። ከዚያም ፍጹም በቅንነት፣ «ይቅርታ፣ ‹ዶሮው› የፕሮጀክት ስም ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

የሣቀ ሰው አልነበረም። ክፍል ኃላፊያችን ጉሮሯቸውን ጠርገው በወቅቱ በቀልድ መልክ የተነገረ መሆኑን ገለጹ። ኦዲተሩም «ፊርማው የእርስዎ ነው?» አሉ። የእርሳቸው ነበር፤ ያውም በቀይ። እኔ ላፕቶፔ ላይ አቀርቅሬ ይህንንም በቃለ ጉባኤ ያዝሁት። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ከተቀበልሁት ደመወዝ ሁሉ ይልቅ ያቺ ደቂቃ ትጣፍጠኛለች፤ ይህን ማለት ተገቢ እንዳልሆነም አውቃለሁ።

የኦዲት ሪፖርቱ ክፍሉ ለነበረው «ጠንካራ የሰነድ አያያዝ» ምስጋና አቀረበ። ምስጋናውን ክፍል ኃላፊያችን ተቀበሉ። በዚሁ መነሻነትም በደብዳቤ የክፍሉ ቋሚ ጸሐፊ ሆኜ ተመደብሁ፤ የደረጃ ዕድገት ግን ለኔትወርክ ባለሙያው።

ዛሬ በሌላ ቦታ ነው የምሠራው። ለተግባር ልምምድ የሚመጡትን ሴት ልጆች፣ በቴክኒክ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዢ ሲሏችሁ እሺ አትበሉ፤ የሚጽፍ ሰው አይናገርም፣ ጽሑፉ ደግሞ ለዕድገት ነጥብ አያስገኝም ብዬ እመክራቸዋለሁ። አንዷ ታሪኩን ከሰማች በኋላ «ግን እኮ እህቴ፣ አንቺን ያዳነሽ እሱ ነው» አለችኝ። ያዳነኝ ሳይሆን የተበቀለልኝ ነው አልኋት፤ ብዙም አላሳመንኋት። ለማንኛውም እዚህ ቃለ ጉባኤ በዙር እንዲያዝ አድርጌያለሁ። የእኔ ተራ ሲደርስ ታዲያ እስከ መጨረሻው ገጽ ሳያነብ የሚፈርም የለም፤ አንድ ሁለቱም ለፊርማ ቀይ እስክሪብቶ መጠቀም ትተዋል።