አደራ የተባለ ልጅ

ዛሬ ማታ የወላጆች ቀን ነበር። ቤቴ ስገባ ሦስት ሰዓት አልፏል። ራቴን ሳልበላ ይህችን ልጫር፤ ነገ ከሆነ ንዴቱ ይበርድብኛል።

የማስተምረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሰባተኛ ክፍል፣ ሒሳብ። ሰፈሩ ሐበሻ የሞላበት ነው። ስም ስጠራ ከሆሴና ከኬቨን መሃል ናትናኤልና ማኅሌት አይጠፉም።

መጀመሪያ የገቡት አንድ አባት ናቸው። ታክሲያቸውን ውጪ አቁመው፣ ቸኩለው። የልጃቸውን ውጤት አሳየኋቸው። ኤ ነው። «ጥሩ። ስንተኛ ወጣች?» አሉኝ። እዚህ ደረጃ እንደማናወጣ ነገርኳቸው። የሌላውን ልጅ ውጤት ያለ ወላጁ ፈቃድ መናገርም በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1974 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው አልኳቸው። አዳመጡኝ፣ አዳመጡኝና «እሱስ ይሁን፤ ግን ስንተኛ ናት?»

ሳቄን ዋጥኩት። በኋላ ሳስበው ግን ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። ደሴ ሳስተምር ካርድ ላይ «58ኛ» ብዬ የጻፍኩላቸው ልጆች ነበሩ። ጨካኝ ነገር ነው፤ ቢቀር ደስ ይለኛል። ቢሆንም ወላጅ ልጁ የት እንደቆመ ያውቅ ነበር። እዚህ ካርዱ ላይ የኮርሱ ስም አለ፤ ስሙን አይቶ ልጄ ከፍ ካለው ክፍል ናት ወይስ ከተራው ብሎ መለየት ግን የወላጁ ዕዳ ነው። ኤ ያው ኤ ናት፤ ከየት እንደመጣች አትናገርም።

ቀጥላ አንዲት እናት ከሥራ በቀጥታ መጣች። የሆቴሉ ባጅ ገና አንገቷ ላይ ነው። ወንበር ሳብኩላት፤ አልቀመጥም አለች። «መምህር፣ እርስዎ እያሉ እኔ ምን አውቃለሁ? ልጄን አደራ። ካጠፋም ይቆንጥጡልኝ።» (ሜሪላንድ ውስጥ ተማሪ ቆንጥጬ ብገኝ የነገው ክፍሌም ደመወዜም አብረው ይሄዳሉ።) ልጁ አጠገቧ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ጎበዝ ልጅ ነው። ችግሩ ዝምተኛ መሆኑ ነው፤ እጁን አያወጣም፣ እዩኝ አይልም።

«ልጅዎ የሚመጣው ዓመት አልጀብራ መጀመር የሚችል ይመስለኛል» አልኳት። «እናንተ የመደባችሁት ይሻላል» አለችኝ። እዚህ ጋ ነው የተናደድኩት። በእሷ አይደለም።

አገር ቤት ሰባተኛ ክፍል ማለት ሰባተኛ ክፍል ነው። መጽሐፉ ለሁሉም አንድ ነው። መንገድ የሚለየው አሥራ አንደኛ ላይ ነው፤ ናቹራል ወይ ሶሻል። እዚህ ሒሳቡ የሚሄደው በተርታ ነው፦ አልጀብራ ዋን፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ ቱ፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። እያንዳንዱ በአብዛኛው አንድ ዓመት ይወስዳል። አልጀብራ ዋንን ስምንተኛ ላይ የጀመረ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ላይ ካልኩለስ ይደርሳል። ዘጠነኛ ላይ የጀመረው ሁለት ኮርስ ካልደረበ ወይም በእረፍት ካልተማረ ፕሪካልኩለስ ላይ ይቆማል። በኋላ ኢንጂነሪንግ ልማር ሲል የሚወዳደረው ካልኩለስ ከወሰዱት ጋር ነው። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ገና ጫማውን በቅጡ ማሰር ሳይችል ነው።

ፈተና አለ፤ የመምህር አስተያየትም አለ። ዳር ላይ ያለውን ልጅ የሚያሻግረው ግን ብዙ ጊዜ የወላጅ ጥያቄ ነው፤ እኔ ያየሁት ይህንን ነው። ፈረንጆቹ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ለምን አልገባም? መስፈርቱ ምንድን ነው? ማን ወሰነ? አንዳንዱማ እንደ ተከሳሽ ያፋጥጥሃል። መጀመሪያ እንደመጣሁ ነውር ይመስለኝ ነበር። አሁን ምነው የእኛም ሰው እንዲህ ባፋጠጠኝ እላለሁ።

የእኛ ሰው መምህር ፊት ዝም ይላል። አክብሮ ነው። እዚህ ግን ዝምታው የሚነበበው በሌላ መልኩ ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ «እነዚህ ወላጆች ግድ የላቸውም» ሲባል ሰምቻለሁ። ግድ የላቸውም! ያቺ እናት ሁለት ሥራ የምትሠራው ለማን ሆነና?

ኢሜይል እንልካለን ይባላል። ኢሜይሉን የሚከፍተው ልጁ ነው፤ ፓስወርዱን የሚያውቀው እሱ ነዋ። ፊት ለፊትም ሲገናኙ አስተርጓሚው ያው ልጁ ነው። ዛሬ በሳይንስ ክፍሉ በር ሳልፍ መምህሯ «የቤት ሥራ ካስገባ ወር አለፈው» ስትል፣ ልጁ «ትንሽ ይቀረዋል እንጂ ጎበዝ ነው እያለች ነው» ብሎ ለአባቱ ሲያስረዳ ሰማሁ። ፖለቲከኛ ይወጣዋል። እንግሊዝኛ የማይችል ወላጅ ነጻ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ መሠረቱ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ልጅን ማስተርጎም ውለታ ሳይሆን ጉዳት ነው። መብቱን የማያውቅ ግን አይጠይቅም።

ወደ እናቲቱ ልመለስ። አስቀመጥኳትና ተርታውን ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁንም?» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ሐበሻ ወላጅ ሲቆጣኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ሚስተር፣ ለምን ነገርካት?» ይላል ፊቱ።

ካውንስለሯን፣ የትምህርት ቤቱን የተማሪዎች አማካሪ፣ በቀጠሮ እንድታገኝ ነገርኳት። ከሁለተኛው ሥራዋ የምትለቀው ጠዋት ነው፤ ያኔ ይመቻታል። የአስተርጓሚ ጥያቄውን ነገ ራሴ አስገባለሁ። ለሌሎቹም ያንኑ ተርታ በአማርኛ ጽፌ እንጀራ የምገዛበት ሱቅ በር ላይ ልለጥፈው አስቤያለሁ፤ ባለቤቷ ከፈቀደች። የሚመጣው ዓመት ኮርስ ምርጫ ከጥር በኋላ ስለሚጀምር ገና ጊዜ አለ።