ስለ አንድ ጃኬት 9 ደቂቃ

መርካቶ፣ አንድ ሰልባጅ ሻጭ ጋ፣ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ተሰቅሎ አየሁ። «ወንድሜ፣ ይቺን ትተህ ከሄድክ ማታ እንቅልፍ የለህም» አለኝ ልጁ። ሳቅኩና ሄድኩ። ማታ እውነትም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግስቱ ተመልሼ በጠራልኝ ዋጋ፣ በ3,500 ብር፣ አንድ ቃል ሳልከራከር ገዛሁት። መርካቶ ሄዶ ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ደህና አይደለም። የአጭር ፊልሜ ሐሳብ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ይህንኑ እያሰብኩ ነው።

ከዚያ በፊት ካንተን ዱፒዩ እ.ኤ.አ. በ2019 የሠራውን «ለ ዴም» የተባለ የፈረንሳይ ፊልም አይቼ ነበር። ዣን ዱዣርዳን የሚጫወተው ዦርዥ ያለ የሌለ ገንዘቡን ለአንድ የአጋዘን ቆዳ ጃኬት ያፈሳል። ከጃኬቱ ጋር ያወራል፤ ጃኬቱን ሆኖ የሚመልሰውም ራሱ ነው። እያደር በዓለም ላይ ጃኬት የሚለብሰው እሱ ብቻ እንዲሆን ያምረዋል። ከዚያ በኋላ ደም ነው። ያስቃል፤ ግን ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። መንፈስ የለም፣ እርግማን የለም።

ለማስፈራት መንፈስ እንደማያስፈልግ ግን ይህን አይቼም አልገባኝም። በመጀመሪያው ስክሪፕቴ የጃኬቱ የቀድሞ ባለቤት መንፈስ በመስታወት ውስጥ ይታይ ነበር። በስልክ ቀረጽነው። ለጓደኞቼ ሳሳያቸው፣ መንፈሱ ብቅ ሲል በሳቅ ፈነዱ። «ሰውዬው ብርድ ልብስ ነው እንዴ የለበሰው?» አለ አንዱ። ብርድ ልብስ ነበር።

መንፈሱን አውጥቼ ጣልኩት። የቀሩት አንድ የቢሮ ሠራተኛና ጃኬቱ ናቸው። ምሳ ሰዓት ነው፤ ሰውዬው ከባልደረባው ጋር ሽሮ ይበላል። እጅጌው ላይ ወጥ ጠብ ይላል። ወሬውን ያቆማል። ክንዱን ወደ አፉ አምጥቶ ቀስ ብሎ ይልሰዋል፤ ሌላው እጁ እንጀራውን እንደጠቀለለ ነው። ከዚያ ፈገግ ብሎ «እሺ፣ ምን እያልሽኝ ነበር?» ይላታል። 40 ሰከንድ። መጀመሪያ ኤዲት ሳደርገው 5 ቦታ ቆርጬው ነበር፤ የልጅቷን ፊት፣ የጠብታዋን ክሎዝአፕ፣ ምኑን ቅጡ። በቆረጥኩ ቁጥር ግን ተመልካቹ ትንፋሽ ያገኛል። ምንም ሳልነካ ስተወው ነው ያስፈራው።

ያንን 4 ጊዜ ቀረጽነው። ጃኬቱ ግን አንድ ነው፤ ሰልባጅ ላይ መንታ አይገኝም። ዘይቱ ቆዳው ውስጥ ሰረገ። የሰፈራችን ሊስትሮ በጫማ ቀለም አደሰልኝ፣ ማደስ ከተባለ። ጠቆረ። ቀደም ብለን ከቀረጽነው ጋር አልገጥም አለ። እንደገና ለመቅረጽ ደግሞ ገንዘብ የለም። ስለዚህ ፊልሙ በገፋ ቁጥር ጃኬቱ እየጠቆረ እንዲሄድ አደረግኩ፤ ሊስትሮው 2 ጊዜ ደግሞ ቀባልን። «እንዴት ያለ ረቂቅ ሐሳብ ነው!» ያለኝ ተመልካች አለ። አላረምኩትም።

ሙዚቃውን በሙሉ አስወጣሁ። ስልኬን የጃኬቱ ውስጥ ኪስ ከትቼ፣ ሌሊት ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ ቀዳሁ። ቆዳው ሲጥ ሲጥ ይላል። ሰውዬው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ያንን ድምፅ ከሱ ንግግር ትንሽ ከፍ አድርጌ አስገባሁት።

ለካ ትልቁን ሥራ የሠራችው እናቴ ናት። ጃኬቱን ይዤ የገባሁ ቀን «የማን እንደሆነ ሳታውቅ? የሞተ ሰው ቢሆንስ!» ብላ ጠበል ረጨችው፣ ዕጣን አጨሰችው። ጠረኑ አለቅ አለ። ተዋናዩ መጀመሪያ ሲለብሰው «ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ» አለና ትከሻው ወደቀ። ለሳምንት ስለ ገጸ ባሕርይው ስለፈልፍለት ያልመጣው አቋም በአንድ ጊዜ መጣ። አሁን ለተዋናይ ስሜት ከምተነትን ዕቃ ማስያዝ ይቀለኛል።

ቀረጻው ሲያልቅ ተዋናዩ 3,000 ብር ይፈልግብኝ ነበር። እጄ ላይ ሰባራ ሳንቲም አልነበረኝም። «ችግር የለም፣ በሱ ፈንታ ጃኬቱን ስጠኝ» አለኝ።

ተበድሬ ከፈልኩት።