ሦስተኛው ጉብታ የቆመው ከምን አንጻር ነው?

ተቀራራቢ ጥንድ ኮከቦችን የሚከታተል ሰው ሥራው ሁሉ ጥድፊያ ነው። የደብሊው ኡርሳ ማጆሪስ ዓይነቶቹ ተነካክተው፣ የውጭ ከባቢያቸውን ተጋርተው የሚዞሩ ናቸው፤ ስሙን የሰጣቸው ጥንድ ራሱ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ8 ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ኮከብ ላይ ቴሌስኮፑን አነጣጥረን ለ20 ደቂቃ ብርሃን ስንሰበስብ ከዙሩ 4 በመቶው ያልፋል። ከዚያ በላይ ከቆየን የኮከቡ ፍጥነት እዚያው ተቀያይሮ ፍጥነቱን የምናነብባቸውን የብርሃኑን መስመሮች ያደበዝዛቸዋል። ቶሎ ከዘጋን ደግሞ ብርሃኑ ያንሰናል።

ገጠመኙ የደረሰው በእንዲህ ያለ ጥንድ ላይ ነው። የእኔ ድርሻ ብርሃኑን በየቀለሙ ዘርግቶ (ስፔክትረም ይባላል) ከሚያሳየን መሣሪያ፣ ከስፔክትሮግራፉ የሚወጣውን ጥሬ መረጃ አጽድቼ ወደ ፍጥነት መቀየር ነበር። ኮከብ ወደ እኛ ሲመጣ በስፔክትረሙ ላይ ያሉት ጥቁር መስመሮች ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ይሸሻሉ። 518 ናኖሜትር አካባቢ ባሉት የማግኒዥየም መስመሮች ላይ በሰከንድ 100 ኪሎሜትር የሚያህል ፍጥነት እንኳ መስመሩን የሚያንቀሳቅሰው በ0.17 ናኖሜትር ብቻ ነው። ኮከቡ ብቻውን ቢሆንና ቀስ ብሎ ቢሽከረከር ይህን መለካት አያስቸግርም። የእኛዎቹ ግን ምህዋራቸውና የራሳቸው ሽክርክሪት ስለተቆላለፈ እንደ እብድ ይሾራሉ፤ መስመሮቻቸው ተለጥጠው አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው አንለካም። መላውን ስፔክትረም ቀስ ብሎ ከሚሽከረከር ኮከብ ስፔክትረም ጋር አመሳክረን ብሮደኒንግ ፈንክሽን የሚባለውን እናወጣለን። ይህን ዘዴ ለእነዚህ ኮከቦች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበረው ስላቬክ ሩቺንስኪ ነው። የሚወጣው ሥዕል በፍጥነት መስመር ላይ የተቀመጡ ሁለት ጉብታዎች ነው፤ ትልቁ የከባዱ ኮከብ፣ ትንሹ የቀላሉ። ሁለቱ ሌሊቱን ሙሉ ይቀያየራሉ፤ አንዱ ወደ ግራ ሲሄድ ሌላው ወደ ቀኝ።

በዚህኛው ጥንድ ላይ ግን ሦስት ጉብታ ወጣ። ሦስተኛው ቀጭንና ሹል ነበር፤ ሁለቱ ሲራወጡ እሱ ንቅንቅ አላለም። በተከታታይ ሌሊቶች ሁሉ በሰከንድ ከ+22 ኪሎሜትር አካባቢ አልራቀም። መረጃውን የሚተነትነው ወጣት ተመራማሪ በጣም ተደሰተ፤ መደሰቱም ተገቢ ነበር። ብዙ ተነካኪ ጥንዶች ራቅ ብሎ የሚዞራቸው ሦስተኛ ኮከብ አላቸው። እንዲያውም ጥንዶቹን እንዲህ ያቀራረባቸው ሦስተኛው ሊሆን ይችላል የሚል ጠንካራ ሐሳብ አለ። የጽሑፉ ረቂቅ ላይ «ሦስተኛ ኮከብ ተገኘ» የሚል ክፍል ወዲያው ተጨመረ።

ረቂቁ በቡድኑ ስብሰባ ላይ ሲታይ አንጋፋዋ ባልደረባችን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ቆሟል ስትል ከምን አንጻር ነው?»

«ከፀሐይ አንጻር ነው፤ እርማቱ ገብቶበታል» አላቸው።

«እስቲ እርማቱን አውጣውና አሳየኝ።»

እርማቱ ማለት ምድር ራሷ ስለምትንቀሳቀስ የምናስገባው ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞረው በሰከንድ 30 ኪሎሜትር ገደማ እየተጓዘች ስለሆነ፣ እንደ ኮከቡ አቅጣጫና እንደ ወቅቱ በሰከንድ እስከ 30 ኪሎሜትር ድረስ እንደምራለን ወይም እንቀንሳለን። የእያንዳንዱ ምስል እርማት በፋይሉ ራስጌ ላይ ተጽፏል። ሠንጠረዡን ከፈትኩላቸው፤ የጉብታውን ፍጥነትና እርማቱን በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። በአንዱ ዓምድ 22፣ በሌላውም 22። ቀጥሎ 21.6 እና 21.5። እስከ ታች ድረስ እንዲሁ ነበር። እርማቱ ሲወጣ ሦስተኛው ጉብታ ዜሮ ላይ ቁጭ አለ። የቆመው ከእኛው ከቴሌስኮፑ አንጻር ነበር ማለት ነው።

ከቴሌስኮፑ አንጻር ሳይንቀሳቀስ የኮከብ ስፔክትረም የሚያሳይ ነገር ደግሞ ብዙ አይደለም። ጨረቃ ናት። የጨረቃ ብርሃን የፀሐይ ብርሃን ነጸብራቅ ስለሆነ የፀሐይን መስመሮች አንድ ሳይቀር ይዞ ይመጣል፤ ፍጥነቱም ለእኛ ከዜሮ በሰከንድ ከ1 ኪሎሜትር ብዙም አይርቅም። ከባቢ አየሩ ላይ ተበትኖ ከኮከቡ ብርሃን ጋር በስፔክትሮግራፉ ስንጥቅ ይገባል። የቴሌስኮፕ ጊዜ ሲደለደል ጨለማዎቹ ሌሊቶች ለደብዛዛ ጋላክሲዎች፣ ጨረቃ የሞላባቸው ደግሞ እንደ እኛ ላለው ሥራ ይሰጣሉ። ሌሊቶቹ ተከታታይ ስለነበሩ እርማቱ በመካከላቸው የተለወጠው በጣም በትንሹ ነው። ወጣቱ የቆመ ነገር አይቶ ነበር፤ ዓይኑ አላታለለውም።

የእኛ ሙያ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሚንቀሳቀሰው ላይ ያተኮረ ነው። በ1889 (እ.ኤ.አ.) ሄርማን ፎገል አልጎል የተባለውን ኮከብ ፍጥነት ለክቶ ጥንድ መሆኑን አረጋገጠ፤ በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ፒከሪንግ ሚዛር የተባለውን ኮከብ መስመሮች ለሁለት መከፈል ይፋ አደረገ፤ አንቶኒያ ሞሪ ደግሞ ቤታ ኦሪጌ የተባለውን ኮከብ መስመሮች መከፈል ደረሰችበት። እኔን ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚገርመኝ የዮሐንስ ሃርትማን ሥራ ነው። ሃርትማን በ1904 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ውስጥ ፖትስዳም ላይ ዴልታ ኦሪዮኒስን ይለካ ነበር፤ በኦሪዮን ቀበቶ ላይ ካሉት ሦስቱ አንዱ ነው። የኮከቡ መስመሮች በ5.7 ቀን ዑደት ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ 393 ናኖሜትር ላይ ያለችው ቀጭን የካልሲየም መስመር አብራቸው አልሄደችም። ሃርትማን የመሣሪያ ጉድለት ነው ብሎ አላለፋትም። በኮከቡና በእኛ መካከል የካልሲየም ጋዝ ደመና አለ ብሎ ደመደመ። በከዋክብት መካከል ያለው ሕዋ ባዶ አለመሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ጥንዱን ሲያጠና፣ ከጥንዱ ጋር ባልተንቀሳቀሰው መስመር።

ወደ እኛ ኮከብ ልመለስ። ወጣቱ ክፍሉን ከረቂቁ ሊሰርዘው ሲል አንጋፋዋ «ቆይ፣ አትቸኩል» አሉት። ጨረቃ በሌለበት፣ ወሩም ወቅቱም በተለወጠበት ጊዜ ኮከቡን ደግመን እንድናየው ጠየቁ። ኮከቡ ከምድር ምህዋር ጠለል ብዙ የማይርቅ መሆኑ ረዳን፤ ወደ ጠለሉ ዋልታ የተጠጋ ቢሆን ኖሮ እርማቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለወጥ መለያው ይጠፋብን ነበር። በጨለማው ሌሊት ትልቁ ሹል ጉብታ የለም። ሌላ ትንሽ፣ ቀድሞ በጨረቃው ብርሃን የተዋጠች ጉብታ ግን ታየች፤ በሰከንድ −9 ኪሎሜትር አካባቢ። እርማቱን ስናወጣው ትንቀሳቀሳለች፣ ስናስገባው ትቆማለች። የጥንዱም የጋራ ማዕከል ፍጥነት እዚያው አካባቢ ነው። ሦስተኛው ኮከብ ነበረ፤ መጀመሪያ የታየው ግን እሱ አልነበረም።

በአጋጣሚ በዚያው አቅጣጫ የወደቀ የሩቅ ኮከብ ነው የሚል ሰው ሙሉ በሙሉ አይረታም። ቢሆንም የፍጥነቱ መገጣጠም ሲታይ እኔ የጥንዱ ዘመድ ነው ባይ ነኝ።

ጉዳዩ ጌጥ አይደለም። ሦስተኛዋን ጉብታ ችላ ብለን ሁለት ብቻ ነው ብለን ስንለካ ሁለቱን ወደ መሃል ትስባቸዋለች፤ የምህዋሩ ፍጥነት ከእውነተኛው ያንሳል። የኮከቦቹ መጠነ ቁስ ደግሞ ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ፣ ሁለቱም ፍጥነቶች በ5 በመቶ ቢያንሱ መጠነ ቁሱ በ14 በመቶ ያንሳል። አንዱ ኮከብ ሌላውን ሲጋርድ የሚታየውን የግርዶሹንም ጥልቀት ሦስተኛው ብርሃን ያሳንሰዋል፤ ሳያርሙት ከቀሩ የምህዋሩ ዘመም፣ ማለትም ከእኛ አንጻር ያጋደለበት ማዕዘን፣ ይሳሳታል። በሦስት ጉብታ ደግመን ስንሠራው የሁለቱም ኮከቦች ፍጥነት ወደ ላይ ወጣ፤ ወጣቱም ክፍሉን እንደ አዲስ ጻፈው።

ከዚያ ወዲህ ሥዕሎቹን ሁሉ ሁለት ጊዜ አወጣለሁ፤ አንዴ በምድር፣ አንዴ በፀሐይ አንጻር። የሰማዩንም ብርሃን ከኮከቡ ጎን ለብቻው እንወስዳለን። የጨረቃዎቹን ሌሊቶች ግን አልጣልናቸውም። የጨረቃዋ ጉብታ ፍጥነቷ አስቀድሞ በስሌት የሚታወቅ ስለሆነ መሣሪያውን ትመሰክርበታለች፤ እሷን ስንፈትሽ ስፔክትሮግራፉ ወደ ንጋት ሲቀዘቅዝ ጥቂት እንደሚንሸራተት ደረስንበት፤ መስመሮቹ የት እንደሚያርፉ አስቀድሞ የሚታወቀውን የመለኪያ መብራት፣ የቶሪየም አርጎኑን፣ አሁን በየኮከቡ መሃል እናበራለን።