ስድስት ፋሲካ፣ አምስት ሸክላ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ጾማችሁን ለፈታችሁም፣ ጎረቤት ጠርቷችሁ ዶሮ ወጥ ለምትቀምሱም።

የዘንድሮው መልእክቴ ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናው እስኪፈላ አንብቡት።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የእማዬን ቤት ስናጸዳ ከቁምሳጥኑ ላይ አንድ የቆርቆሮ ሻንጣ አወረድን። ሰነድ መስሎኝ ነበር። የቤት ካርታ፣ የውሃ ደረሰኝ፣ እንዲህ ያለው ነገር። ስከፍተው ሸክላ ነው። 31 ሸክላ! አብዛኞቹ ትንንሾቹ ናቸው፤ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዙት፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት። ማጫወቻው ደግሞ አልጋ ስር ተገኘ። እንደ ሻንጣ የሚዘጋ ፊሊፕስ፣ ዳንቴሉን እንደለበሰ።

ወዲያው ላጫውት ስል እማዬ "በጾም? ተይ እንጂ!" አለችኝ። እሷ ቤት በሁዳዴ ዘፈን የለም፤ ድሮም አልነበረም። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቅበላ ማታ ማጫወቻውን በዳንቴል ይሸፍነዋል፤ እስከ ፋሲካ አይነካውም። ልጅ ሆኜ ዳንቴሉ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ለጥገና አልበዛም። ሞተሩ ይዞራል፣ ሰሃኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ቺንጋው ቀልጦ እንደ ሙጫ ተጣብቋል። መርካቶ ሦስት ቦታ ወሰድኩት። ሦስቱም "ጣይው" አሉኝ። አራተኛው ጋ የነበሩት ሽማግሌ ከፈቱት፣ ሳቁ፣ ከአሮጌ ቴፕ ቺንጋ ቆርጠው ሠሩልኝ። "ይሄ እኮ ከእኔ ጋር ነው ያረጀው" አሉ። መርፌውን የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን በሰው ላከችልኝ። አብራ መልእክት ልካለች፦ "እዚህ ሰዎች ለአንዷ ሸክላ ስንት እንደሚከፍሉ ብትሰሚ! እንዳትሸጡ።"

ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አጠብኩ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። መስመሩን ተከትሎ ማሸት ነው፤ መሀል ያለው ወረቀት እንዳይርስ። አንዱን ግን እንዲደርቅ ብዬ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። የመጋቢት ፀሐይ ምን ይዋጥለታል፣ እንደ ድርቆሽ ተጣሞ አገኘሁት። ይህን እማዬ አታውቅም ነበር። ካነበበችው አወቀች።

ሳጥብ ነው ጽሑፉን ያየሁት። አምስቱ ላይ፣ መሀሉ ወረቀት ላይ፣ በሰማያዊ ስክርቢቶ የአባዬ ስም የመጀመሪያ ፊደልና ዓመት አለ። "ፋሲካ 62"። "ፋሲካ 63"። 64፣ 65፣ እና 67። ሰውዬው ለካ ለፋሲካ ዶሮ ብቻ አልነበረም የሚገዛው። ለጾሙ ማብቂያ አንድ አዲስ ሸክላ ይገዛ ነበር።

ዓመቶቹን ሳይ ገረመኝ። የአገራችን የሸክላ ወርቃማ ዘመን ሲጀምርና ሲያልቅ እኮ ነው! በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዝም ብሎ አሳተመ። የመጀመሪያው ሸክላው የአለማየሁ እሸቴ ነው (የአባታቸው ስም ገጠመ እንጂ ወንድማማች አይደሉም)። ዘፈኑ እዚህ ተቀረጸ፣ ሸክላው ህንድ ታትሞ መጣ። ከዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አምሃ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ከዚያማ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ አምሃም አገር ለቆ ሄደ፣ ካሴት ገበያውን ወሰደው። አምሃም አለማየሁም በ2013 አረፉ።

አባዬ ለምን በ67 እንዳቆመ እማዬን ጠየቅኳት። "በሰዓት እላፊ ማን ይጨፍራል?" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልገፋሁም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ዳንቴሉን እሷ ራሷ አነሳች። መጀመሪያ ብዙነሽ በቀለን ጫንኩ። ፍጥነቱ 33 ላይ ሆኖ ኖሮ ብዙነሽ በወፍራም የወንድ ድምፅ ጀመረች። እማዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወደ 45 ሳዞረው፣ ያቺው ብዙነሽ። ቀጥሎ ጥላሁን። ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በ2001 በፋሲካ ዕለት ነው፤ እማዬ ከዚያ ወዲህ በፋሲካ እሱን ስትሰማ ቁጭ ብላ ነው። ዛሬም ተቀመጠች። መርፌው ሲንጫጫ እንኳ አልተናገረችም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከ31ዱ ሰባቱ የእኛ አይደሉም። የሌላ ሰው ስም አለባቸው፤ አንዱ ላይማ "ይመለስ" ተብሎ ተጽፎበታል፣ ከስሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። ያኔ ሸክላ ለፓርቲ ይዋሳል፣ ለሰርግ ይዋሳል፣ በዚያው ይቀራል። ስም የሚጻፍበትም ለዚሁ ነው። እማዬ ሰባቱን ስታይ "ወይ ጉድ፣ ይሄንን እኮ ለአንድ ማታ ብለን ነው" አለች።

የእኛም ጠፍቷል። "ፋሲካ 66" የለም። አገሩ ያኔ ታምሶ ነበር፣ አባዬ ግን ገዝቷል፤ እማዬ በደንብ ታስታውሳለች። ዳግም ትንሣኤ ሳይደርስ የሰፈር ሰው ለሰርግ ተዋሰው። ከዚያ ሰውየው ሰፈር ለቀቀ። የዘፋኙ ስም ጠፍቷታል። ዜማውን ግን ይዛዋለች፣ ግጥሙንም እስከ ግማሽ። የእህቴ ልጅ አሁን ስልኳን ደቅናባት እየቀዳቻት ነው። እማዬ መሀል ላይ ትረሳና "እም እም" ትላለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች።

የአባት የእናታችሁን ሻንጣ እስቲ ክፈቱ። በሰማያዊ ስክርቢቶ "ፋሲካ 66" የሚል ካገኛችሁ ጻፉልኝ። አንጨቃጨቅም፤ ከሰባቱ መርጣችሁ ትወስዳላችሁ። የተጣመመውን ጨምሬ እመርቃለሁ።

መልካም ፋሲካ!