ሰኞ ድረስ የሚጠነክር ብረት፦ የፍሪድሪሽስሃፈን ውሎዬ

ጀርመን ውስጥ ከኡልም ፍሪድሪሽስሃፈን ባቡሩ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። መንገዱን አትጠይቁኝ፣ ተኝቼ ነው የሄድኩት። ያደርኩበት ማረፊያ ግድግዳው ካርቶን ነው፣ የጎረቤቴን ማንኮራፋት ስቆጥር ነጋ። ሐይቁ ዳር ያለ ምግብ ቤት ደግሞ ውሃ ብለው ሳላዘው ጋዝ ያለውን ከፍቶ 7 ዩሮ አስከፈለኝ። አምቦ ቢሆን እንኳ ይቅር ባልኩት!

የዜፔሊን ሙዚየም ስገባ ግን ሁሉን ረሳሁት። የሂንደንቡርግን የአየር መርከብ 33 ሜትር ክፍል በትክክለኛ መጠኑ ዳግም ሠርተውታል፤ ዋናው 245 ሜትር ነበር። ያን ሁሉ የተሸከመው ዱራሉሚን የሚባል ቀጭን የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። እኔ ምናለሽ ተራ አጎቴ ሱቅ ያደግኩ ሰው ነኝ። አሉሚኒየም ሲቀጠቀጥ እንደሚጠነክር፣ ሲበዛበት እንደሚሰነጠቅ፣ እሳት ሲያሳዩት ደግሞ እንደሚለሰልስ አውቃለሁ። የሚጠነክረው ውስጡ ያሉት የክሪስታል ጉድለቶች (የአተሞቹ አሰላለፍ የተዛነፈባቸው ቦታዎች) በመዶሻው እየበዙ እንደ ክር ስለሚወሳሰቡ ነው።

አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ፣ በተሰባበረው ጀርመንኛዬ ሳይሰለቹ ሌላውን የማጠንከሪያ መንገድ አስረዱኝ። አልፍሬድ ቪልም የሚባል ሰው በ1906 በርሊን አጠገብ 4 በመቶ ገደማ መዳብና ትንሽ ማግኒዥየም ያለበትን አሉሚኒየም ከ500 ዲግሪ በላይ አሙቆ ድንገት አቀዘቀዘው። ለስላሳ ነበር። ቅዳሜ ትቶት ሄደ ይባላል፣ ሰኞ ሲለካው ማንም ሳይነካው ጠንክሮ ጠበቀው። በሙቀት የሟሟው መዳብ በድንገቱ ቅዝቃዜ መውጫ ያጣል፣ ከዚያ አተሞቹ ቀስ እያሉ ጥቃቅን ቡድን ይሠሩና እነዚያ የክሪስታል ጉድለቶች እንዳይንቀሳቀሱ መንገድ ይዘጋሉ። አንዳንዱን ቅይጥ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት አቆይተው ያፋጥኑታል፤ ከልክ ካለፈ ግን መልሶ ይደክማል።

«እኛ ሪቬቱን፣ ቆርቆሮ የሚያያይዘውን ሚስማር፣ አሙቀን ውሃ ከነከርን በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንከተው ነበር» አሉኝ፣ «ሳንመታው እንዳይጠነክርብን።» ሳቄ መጣ። እኛ ቤት እንዳይኮመጥጥ ፍሪጅ የሚገባው ሊጥ ነው!

ቡናም እሳቸው ጋበዙኝ፣ እምቢ ብል አልሰሙኝም። ማታ ለአጎቴ ደውዬ ነገርኩት።

«አንተ ልጅ፣» አለኝ፣ «ቢላ ውሃ ስታጠጣው እዚያው ነው የሚጠነክረው። ሰኞ ድረስ ማን ይጠብቃል?»